ዘብ እስኪቆም

መደርደሪያዬ ላይ 37 የፕላስቲክ ጀግኖች አሉ። የማይወድቅ አንድም የለም።

ከባድ መኪና በበራችን ሲያልፍ፣ ወይም የላይኛው ፎቅ ልጆች ደረጃውን በሩጫ ሲወርዱ፣ የአንዱ ቁርጭምጭሚት ይከዳዋል። ሲወርድ ደግሞ ብቻውን አይወርድም። አጠገቡ ያለውን ይዞ ነው። ሌሊት «ኳ» የሚል ድምፅ ስሰማ ከአልጋዬ ሳልነሳ ማን እንደወደቀ እገምታለሁ። ብዙ ጊዜም አልሳሳትም። ጭንቅላታቸው ትልልቅ የሆኑት ወደ ፊት፣ ካባ የለበሱት ወደ ኋላ ነው የሚወድቁት።

ዛሬ የምጽፈው ስለ 38ኛው ነው። እሱን ከየትም አልገዛሁትም። ራሴ ነኝ የሳልኩት፣ ራሴ ነኝ የሠራሁት። ስሙ ዘብ ነው። ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል። ከሁለቱ ዓመት ብዙው የሄደው ደግሞ በእግሩ እንዲቆም በማድረግ ነው።

ከመጀመሪያው ልነሳ።

የመጀመሪያው ስፓይደርማኔ የመርካቶ ነበር። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አጎቴ ለእንቁጣጣሽ ገዛልኝ። ቀዩ ቀለም ወደ ብርቱካንማ ይሄዳል። ደረቱ ላይ ያለው ሸረሪት ስድስት እግር ብቻ ነው ያለው። እጆቹ ከትከሻቸው ይዞራሉ፣ ሌላ የሚንቀሳቀስ ነገር የለውም። እግሮቹ ድፍን ፕላስቲክ ናቸው፤ መዳፋቸው እንደ ዳክዬ ሰፊ። እኔ ግን ይዤው ነበር የማድረው። ያ ስፓይደርማን አንድም ቀን ወድቆ አያውቅም። ይህን ያስተዋልኩት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ለምን እሱን እንደወደድኩ አሁን ላስረዳ እችላለሁ። ያኔ አላውቀውም ነበር። ስፓይደርማን መጀመሪያ የታተመው በ1962 ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ያሉት ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ልብሱን የነደፈው ሠዓሊ ስቲቭ ዲትኮ ፊቱን ሙሉ በሙሉ ሸፈነው። ሱፐርማን ፊቱ ይታያል። የባትማን አገጭና አፉ ይታያል። ስፓይደርማን ግን ከራስ ፀጉሩ እስከ ጥፍሩ ተሸፍኗል፤ የቆዳው ቀለም አይታይም። ሰፈራችን ያለው ቪዲዮ ቤት አግዳሚ ላይ ተጨናንቀን ስናየው፣ ጭንብሉ ውስጥ ያለው ልጅ ከመካከላችን አንዱ ቢሆን የሚከለክለው አልነበረም። ለአንድ የአዲስ አበባ ልጅ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

ከዚያ ትምህርት፣ ከዚያ ሥራ። ስፓይደርማኑ በአንዱ የቤት ለውጥ ጠፋ።

ሥራ ከያዝኩ በኋላ ቨርጂኒያ የምትኖረው የአክስቴ ልጅ ልትመጣ ስትል ደወለች። «ምን ላምጣልህ?» አለችኝ። «ስፓይደርማን» አልኳት። ስልኩ ውስጥ ትንሽ ዝም አለች። «ለማን?» «ለእኔ።» ሌላ ጥያቄ አልጠየቀችም። እስከ ዛሬ የምወድላት ነገር ነው።

ሻንጣዋ 23 ኪሎ ነው የሚፈቀድለት። ውስጡ የአክስቴ ጫማ፣ የሕፃን ልብስ፣ ቫይታሚን፣ የሰው አደራ። የፊገሩ፣ ማለትም የፕላስቲክ ጀግናው፣ ካርቶን ቦታ ይይዛል ብላ አውጥታ ጥላዋለች። ጀግናውን በካልሲ ጠቅልላ፣ ካልሲውን ጫማ ውስጥ ከትታ ነው ያመጣችው። ሰብሳቢዎች «ከካርቶኑ ማውጣት አለብን ወይስ የለብንም?» እያሉ ሲከራከሩ እሰማለሁ። ካርቶኑ ካልተከፈተ ዋጋው ይጨምራል ይላሉ። እኛ አገር ይህን ክርክር ሻንጣው ራሱ ፈትቶታል። ከ37ቱ 30 የሚሆኑት በካልሲ ነው የመጡት። ደስ ይለኛል። ካርቶን ውስጥ ያለ ጀግና ሸቀጥ ነው፤ እጅ ላይ ሲወጣ ነው ሰው የሚሆነው።

ያን ቀን ማታ ጠረጴዛ ላይ አቁሜ ስነካካው አመሸሁ። 15 ሴንቲ ሜትር ነው። አንድ ሜትር ከሰማንያ የሆነ ሰው ለ12 ሲካፈል ማለት ነው። ጉልበቱ ሁለት ቦታ ይታጠፋል፤ ተረከዙ መቀመጫውን እስኪነካ። ክርኑም እንደዚያው። ወገቡ ወደ ፊት ይጎነበሳል። ቁርጭምጭሚቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ብቻ ሳይሆን ወደ ጎንም ያዘነብላል። ይቺ የመጨረሻዋ ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን እግር ከፍቶ ለመቆም የግድ ናት። ቁርጭምጭሚቱ ወደ ጎን የማያዘነብል ፊገር እግሩን ሲከፍት በጫማው ጠርዝ ይቆማል፤ በጠርዝ የቆመ ደግሞ ይወድቃል።

እናቴ አይታው «ደግሞ አሻንጉሊት መጣልህ?» አለችኝ። ክፉ ልትለኝ አይደለም። አማርኛችን ሌላ ቃል የለውም። አሜሪካኖቹም አንድ ጊዜ እዚሁ ላይ ተቸግረው ነበር። በ1964 ሃስብሮ የተባለው ድርጅት ጂ.አይ. ጆ የሚባለውን ወታደር አወጣ። ቁመቱ 30 ሴንቲ ሜትር፣ የሚንቀሳቀሱ ክፍሎቹ 21። «ወንድ ልጅ በአሻንጉሊት አይጫወትም» የሚል አባት እንዳይከለክል ስሙን ቀየሩት። «አክሽን ፊገር» የሚለው ቃል የተወለደው ከዚያ ነው። እኔ አሻንጉሊት ስባል አይከፋኝም። ለልጅነቴ የቆመ ነገር ነው።

መሰብሰብ ስጀምር ዓይኔ ቀስ በቀስ ተለወጠ። መጀመሪያ የማየው ፊትና ቀለም ነበር። በኋላ ግን ፊገሮቹን ፈታትቼ ሳጸዳ አንድ ነገር ገባኝ። ብዙዎቹ አንድ ዓይነት አካል ነው ያላቸው። ያው ደረት፣ ያው ክንድ፣ ያው ጭን። ጭንቅላትና ቀለም ተቀይሮ ሌላ ጀግና ይሆናል። አዲስ ቅርጽ ማውጣት ውድ ስለሆነ ነው። ሜጎ የተባለው ድርጅት በ1972 የጀግኖቹን ስብስብ ሲጀምር በግልጽ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ አንድ አካል፣ ከላዩ የተለያየ የጨርቅ ልብስ። ዛሬም ሥርዓቱ ያው ነው።

ታዲያ አካሉ አንድ ከሆነ፣ አንዱን ጀግና ከሌላው የሚለየው ምንድን ነው?

ይህ ጥያቄ ነው ደብተር ያስገዛኝ።

የራሴን ጀግና ልሳል ብዬ ተነሳሁ። የመጀመሪያው ደብተር ሙሉ አንበሳ ነው። የአንበሳ ጎፈር ያለው፣ ጡንቻው የተወጠረ፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ካባ የለበሰ ሰውዬ። ሁለተኛው ደብተር ላይ ጋሻና ጦር ጨመርኩለት። ሦስተኛው ላይ መብረር ጀመረ። አንድ የሥነ ሕንፃ ሥዕል የሚሠራ ጓደኛ አለኝ። ሦስቱንም ደብተር አገላብጦ አየና እርሳስ አነሳ። አንዱን ሥዕል በሙሉ ጥቁር አድርጎ ቀባው። ዓይን የለ፣ ቀለም የለ፤ ጥላ ብቻ። «ማነው ይሄ?» አለኝ። መልስ አልነበረኝም። ጥላው የሱፐርማን ጥላ ነበር።

ተናድጄ ነበር። ግን ልክ ነበር። የባትማንን ጥላ የትም አገር ያለ ልጅ ያውቀዋል። ሁለቱ ጆሮዎች ይበቁታል።

በዚያ ሰሞን የሌሎቹን አጀማመር ማንበብ ጀመርኩ። ተስፋ ሰጠኝ። ሃልክ የሚባለው ግዙፍ ጀግና በ1962 ሲወጣ ግራጫ ነበር። የዘመኑ ማተሚያ ግራጫውን አንድ ዓይነት አድርጎ ማውጣት ስላቃተው አረንጓዴ አደረጉት። ዛሬ ሃልክ ሲባል አረንጓዴ ነው። በ1966 ብላክ ፓንተር ሆኖ የወጣው ገጸ ባሕርይ ደግሞ፣ ሠዓሊው ጃክ ከርቢ መጀመሪያ ሲነድፈው ስሙም ልብሱም ሌላ ነበር። ቢጫ ያለበት ሸንተረር ልብስ፣ ፊቱም ያልተሸፈነ። ያ ሁሉ ተነሳና ጥቁሩ ቀረ። ሲቀነስ ነው ያማረው። እኔ በየደብተሩ ስጨምር ነበር የከረምኩት።

እዚህ ላይ ስለ «ጀምበር» ሳልናገር ማለፍ አልፈልግም። ብስራት ደበበ በ2018 ያወጣው ኮሚክ (በተከታታይ ሥዕል የሚተረክ ታሪክ) ነው፤ በእንግሊዝኛም በአማርኛም ታትሟል። ኢትዮጵያዊ ልዕለ ጀግና በአማርኛ ሲናገር ሳይ የተሰማኝን በቃል ለማስረዳት ይከብደኛል። ኮሚክ ውስጥ ድምፅ ይጻፋል። አማርኛ ለዚህ የተፈጠረ ቋንቋ ነው። ድው፣ ጧ፣ ኳ፣ ሿ፣ ጠሽ፣ ዥው፣ ቱስ። እናቶቻችን አንድ የሠፈር ጠብ ሲተርኩ ግማሹን የሚነግሩን በእነዚህ አይደለም እንዴ? ያን ቀን አራተኛ ደብተር ገዛሁ።

ደብተሩ ግን ለወራት ባዶ ቆየ።

አንድ ማታ መብራት ጠፋ። ስልኬም ባትሪ ጨርሷል። መስኮት ላይ ቆሜ ግቢውን አያለሁ። የግቢያችን ዘበኛ በሩ አጠገብ ቆሟል። ወጣት ልጅ ነው። ጋቢ ደርቧል። ዱላውን ብብቱ ስር አድርጎ ተደግፎታል፤ አንዱ እግሩ ታጥፎ ሌላው እግሩ ላይ አርፏል። በዚያች ቅጽበት አንድ መኪና ታጠፈ። መብራቱ የልጁን ጥላ ግድግዳው ላይ ጣለው። ጥላው የሁለት ፎቅ ቁመት ሆነ።

ፊቱ አይታይም። ቀለም የለም። ግን ማን እንደሆነ አልጠፋኝም። ዘበኛ ነው። ይህን ጥላ ጎንደርም፣ ደሴም፣ ሐዋሳም ያለ ሰው ያውቀዋል።

በሻማ ነው የሳልኩት።

ስስለው የወጣው ግን የግቢያችን ልጅ አልነበረም። ያደግኩበት ሰፈር ዘበኛ ነበር። ጋሽዬ ነበር የምንለው። ስሙን የሚያውቅ ልጅ አልነበረም፤ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል። ሌሊት በየተወሰነ ጊዜ ፊሽካ ይነፋል። ከእሱ በኋላ ከወንዙ ማዶ ያለው ዘበኛ ይመልስለታል። ከዚያ ደግሞ በጣም ከሩቅ፣ እንደ ትንኝ ቀጥና፣ ሦስተኛ ፊሽካ። ሕፃን ሆኜ ጨለማ ስፈራ እናቴ «ሰማኸው? ጋሽዬ ነቅቷል። ተኛ» ትለኝ ነበር። እተኛለሁ።

የዘብ ኃይል የመጣው ከዚህ ነው። ብዙ አላሰብኩበትም፤ እዚያው ነበር። ዘብ አይበርም። ግድግዳ አያፈርስም። በሰላም የተኛ ሰው በበዛ ቁጥር ግን ጉልበቱ ይጨምራል። ሰፈሩ በሙሉ እንቅልፍ ሲወስደው አሥር ሰው የማያነሳውን ያነሳል። አንድ ሕፃን ፈርቶ ሲነቃ ትንሽ ይደክማል። ሰፈሩ በሙሉ በፍርሃት ካደረ፣ እሱ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ብቻ ነው። ቀን ቀንማ ሁልጊዜም እንደዚያ ነው። ሰው አጠገቡ ያልፋል፤ ሰላም የሚለው የለም።

ባላጋራው ስለዚህ መሣሪያ አያስፈልገውም። ሰው እንዳይተኛ ማድረግ ነው ሥራው። ስሙ ሹክሹክታ ነው። በየቤቱ በር ስር የሚገባ ወሬ። «ሰምተሃል?» ብሎ ነው የሚጀምረው።

ሹክሹክታን እንዴት እንደምስለው ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወሰድኩ። ጥንታዊው ሥዕላችን ላይ ደግ ሰው ፊት ለፊት ነው የሚታየው፤ ሁለቱም ዓይኖቹ ይወጣሉ። ክፉ ሰው በጎን ነው፤ አንድ ዓይን ብቻ። የአድዋ ጦርነት ሥዕሎችም እንደዚያ ናቸው፤ የእኛዎቹ በሁለት ዓይን፣ ጣሊያኖቹ በአንድ። ሹክሹክታ በየትኛውም ገጽ ላይ ፊት ለፊት አይታይም። ስስለው በእውነት ደስ ብሎኛል። የድሮ የአሜሪካ ኮሚኮች ጀግናውን ቀይ፣ ሰማያዊና ቢጫ፣ ክፉውን አረንጓዴና ወይን ጠጅ አድርገው ይለዩ ነበር። የእኛ ሠዓሊዎች በዓይን ቁጥር ለይተውት ኖረዋል። ፒያሳ የሥዕል ሱቆች ውስጥ የሚሸጠውን የንግሥተ ሳባና የንጉሥ ሰሎሞን ሥዕል አስታውሱት። 44 ትናንሽ ሥዕል በረድፍ ተደርድሮ፣ ከየሥሩ ጽሑፍ። ታሪኩ ከሳጥን ወደ ሳጥን ይሄዳል። ልጅ ሆኜ ስንቴ ፊቱ ቆሜ አንብቤዋለሁ! ኮሚክ ነው ብሎ የነገረኝ ሰው ስላልነበረ ነው እንጂ።

ቀለሙ ላይ ግን ለረጅም ጊዜ ተሳስቻለሁ። ሌሊት የሚሠራ ጀግና ነው ብዬ ጥቁር አለበስኩት። ጥቁር ጋቢ። ሳየው የሆነ ነገር ይጎረብጠኛል። አንድ ቀን ከሥራ ስመለስ የግቢያችን ዘበኛ ባትሪውን አብርቶ «እንደምን አመሹ» ሲለኝ ገባኝ። ባትማን የሚደበቀው ሌባውን በድንገት ለመያዝ ነው። ዘበኛ አይደበቅም። ፊሽካ የሚነፋው እንዲሰማ ነው። ባትሪ የሚያበራው እንዲታይ ነው። ሌባው ከሩቅ አይቶት እንዲመለስ፣ የተኛው ሰው ደግሞ እንዳይነቃ። ማንም ሳይያዝ፣ ማንም ሳይመታ ሌሊቱ ካለፈ ሥራውን ሠራ ማለት ነው። ጋቢውን ነጭ አደረግኩት። በጨለማ መጀመሪያ የሚታየው ቀለም ነጭ ነው።

ከዚያ ሥዕሉን ወደ ፊገር መለወጥ። እዚህ ላይ ነው እንቅልፍ ያጣሁት።

ቀጭን አካል ያለው፣ አንድ እጁ የተሰበረ አሮጌ ፊገር ነበረኝ። እሱን መነሻ አደረግኩት። ፕላስቲኩን ፈላ ያለ ውኃ ውስጥ ለአንድ ደቂቃ ሲያቆዩት ይለሰልሳል፤ ጭንቅላቱ ሳይሰበር ይወጣል። የሽማግሌ ፊት፣ የካፖርት ኮሌታና ጡንቻውን የሚደብቀውን ልብስ በኢፖክሲ ገነባሁ። ቧንቧ ለመድፈን የሚሸጠው ዓይነት ነው፤ ሁለቱን አንድ ላይ ሲያሹት እንደ ሊጥ ይሆናል፣ ሲያድር ድንጋይ። ጣትን ውኃ እየነከሩ መሥራት ነው። የፊት መሸብሸቦቹን በስፌት መርፌ ነው ያወጣኋቸው።

የመጀመሪያው ዘብ በቀለም ተበላሸ። ለብረት በር የሚሆን የሚረጭ ቀለም ገዝቼ ቀባሁት። ሦስት ሳምንት ጠበቅኩ። ሲነካ ይጣበቃል። አንድ ወር ሆነ፤ አቧራውን ሁሉ ሰብስቦ ፀጉር አበቀለ። በኋላ ምክንያቱን ተማርኩ። ለስላሳው ፕላስቲክ ውስጥ የሚያለሰልስ ቅባት አለ። ያ ቅባት ከእንደዚህ ዓይነት ቀለም ጋር ሲገናኝ ቀለሙ አይደርቅም። ፊገር ላይ የሚሆነው በውኃ የሚቀጥነው አክሪሊክ ነው፤ እሱም ስስ ስስ ተደርጎ ደጋግሞ። መገጣጠሚያዎቹን ደግሞ ከመቀባት በፊት በአሸዋ ወረቀት ትንሽ ማሳነስ አለ። አለበለዚያ ክንዱ በታጠፈ ቁጥር ቀለሙ ይፋቃል። ያን የመጀመሪያውን ዘብ ጣልኩት። አዘንኩ፤ የፊቱን ያህል ቆንጆ አድርጌ ደግሜ አልሠራሁም።

ሁለተኛው ዘብ የጋቢ ነው ችግሩ።

ጀግኖች ካባ የለበሱት ለጌጥ ብቻ አይደለም። የሱፐርማን ሠዓሊ ጆ ሹስተር ካባውን የሰጠው በማይንቀሳቀስ ሥዕል ላይ እንቅስቃሴ እንዲታይ ብሎ ነው። ካባው ሲውለበለብ ሰውዬው የሚበር ይመስላል። ጋቢ ግን አይውለበለብም። ጋቢ ይከብዳል፣ ይወርዳል፣ ያሞቃል። የዘብ እንቅስቃሴ ከሩጫው ሳይሆን ጋቢውን ከሚያስተካክልበት እጅ ነው መምጣት ያለበት። ሥዕል ላይ ይሄ ተሳክቶልኛል ብዬ አምናለሁ። ፊገሩ ላይ ግን እናቴ ቤት የቆየ ጋቢ ጫፍ ቆርጬ ባለብሰው ፍራሽ የተሸከመ መሰለ። ጋቢ አራት ድርብ ነው። ሰውዬውን ለ12 ማካፈል ይቻላል፤ የጥጡን ክር ማን ያካፍለዋል? ሻሽ ሞከርኩ፤ በጣም ሳሳ። በመጨረሻ የሆነልኝ የአሮጌ ነጠላ አንድ ድርብ ነው። ጠርዙ ውስጥ ከተበላሸ ገመድ ያወጣሁትን ቀጭን የመዳብ ሽቦ ሰፋሁበት። እጥፋቱን በውኃ በቀጠነ ኮላ አደረቅኩት። ጥለቱን በነጠላ ፀጉር ብሩሽ ቀባሁ።

ያማረ ነበር። ይወድቅ ነበር።

ልክ እንደ ካባ ለባሾቹ ወደ ኋላ ነው የሚወድቀው። ዱላ ሰጠሁት፤ ሦስተኛ እግር ይሆነዋል ብዬ። ተሻለው እንጂ አልዳነም። ቁርጭምጭሚቱ ውስጥ ግልጽ የጥፍር ቀለም ጠብ አድርጌ ሲደርቅ አጠበቅኩት። ይህ የላላ መገጣጠሚያን በደንብ ይይዛል፤ ሌሎቹን ያዳንኩት በዚሁ ነው። ዘብ ግን ሁለት ቀን ቆሞ በሦስተኛው ይወድቃል። ዘበኛ ሆኖ ሌሊት መውደቁ ከሁሉ በላይ ያናድደኝ ነበር። «ዘብ ቆመ» እንላለን። ዘብ ተቀመጠ አንልም፣ ዘብ ወደቀ አንልም። ሥራው ራሱ መቆም ነው።

ባለፈው እሑድ እናቴ መጣች። ቡና እያፈላሁ ነው። መደርደሪያው ጋ ሄዳ ዝም አለች። ብዙ ጊዜ እዚያ አትሄድም።

«ይሄ ጋሽዬ አይደል እንዴ?» አለች።

ነግሬያት አላውቅም። ኮሚክ አታነብም። ስለ ጥላ፣ ስለ ቅርጽ የምለውን ሰምታ አታውቅም። ጀበናውን ይዤ ቀረሁ።

አነሳችው። መነጽሯን አደረገች። «ጋቢ እንዲህ አይለበስም» አለችኝ። «ይሄ ለቅሶ የመጣ ሰው ነው የሚመስለው።» በጣቶቿ ጫፍ ፈታችው። ኮላው ሲሰነጠቅ ሰማሁ፤ ምንም አላልኩም። የቀኙን ጫፍ በደረቱ አሳልፋ በግራ ትከሻው ላይ ወረወረችው። ባትሪ የያዘው እጁ ነፃ ወጣ። ክብደቱ ከጀርባው ወደ ፊቱ መጣ። ሁለት ዓመት ሙሉ ጋቢውን እንደ ካባ ከኋላ ነበር ያንጠለጠልኩት።

«ቦት ጫማ ደግሞ ከየት አመጣ?» አለች።

«ከፊገሩ ጋር የመጣ ነው።»

«ጋሽዬ በረባሶ ነበር የሚያደርገው። ሲሄድ ጧ ጧ ሲል ትዝ አይልህም? አንድ ጊዜ የአባትህን ጫማ ሰጥቼው ነበር። ለልጁ አገር ቤት ላከለት።»

ድምፁን ረስቼው ነበር። ስትለው መጣ። ከፊሽካው በፊት የምንሰማው እሱን ነበር። ጎማው ድንጋይ ላይ፣ ጧ፣ ጧ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ ፊሽካ።

በረባሶ የመኪና ጎማ ነው። ሰፊ ነው፤ ከእግር ይተርፋል። ማታውኑ ከአሮጌ የብስክሌት ጎማ ሁለት ቁራጭ አወጣሁ። የቦቱን ጫማ በምላጭ አሳሳሁት። ጣቶቹን በኢፖክሲ ሠራሁ፤ አሥሩንም። እናቴ በጣቷ እንዳሳየችኝ ጋሽዬ የእግሩ አውራ ጣት ወደ ውጭ ያዘነበለ ነበር፤ እንደዚያው አድርጌ ሠራሁት። ጎማውን ከሥሩ አጣበቅኩ። ማሰሪያውን ከዚያው ጎማ ቀጭን አድርጌ ቆረጥኩ። መዳፉ እንደ ዳክዬ ሰፋ።

ረቡዕ ሲደርቅ መደርደሪያው ላይ አቆምኩት። ዳር ላይ፣ በበሩ በኩል።

ትናንት ሌሊት ከባድ መኪና አለፈ። መስኮቱ ተንቀጠቀጠ። «ኳ» አለ፤ ቀጥሎ አንድ ጊዜ ደግሞ «ኳ»። ተነስቼ ባትሪ ይዤ ሄድኩ። ስፓይደርማን ነው። ሃልክን ይዞት ወርዷል።